አሥራ አንድ ሰማሁ

ከአዘዞ ወደ ጠዳ በሚወስደው መንገድ በስተግራ፣ ከቁልቋሉ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ጉብታ ሥር፣ ጣሊያን የጀመረው የድንጋይ ካባ ነበር። ጣሊያን ሄደ፤ ካባው ቀረ። የድንጋይ መፍጫው ማኪናም ቀረ። ካቦውም ቀረ። ካቦው ዋኘው ይባላል። በጠላት ጊዜ ሠራተኛውን በጣሊያንኛ ያጣድፍ ነበር፤ ነፃነት ሲመለስ በአማርኛ ያጣድፍ ጀመር። እዚያ ካባ ውስጥ የታየው ለውጥ ይኸው ነው።

ወልደኢየሱስ በዚህ ካባ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ ሲባል ቀላል ይመስላል። ገደሉ በመዶሻና በብረት ይበሳል፤ በየቀዳዳው ድማሚት ይጎረሳል፤ ክሩ ይለኮሳል፤ ሰው ሁሉ ሮጦ ከድንጋዩ ካብ ጀርባ ይደበቃል። ቆጣሪው ስንት ክር እንደተለኮሰ አይቶ ያንኑ ያህል ጠጠር በግራ እጁ ይጨብጣል። አንድ በጮኸ ቁጥር አንዷን ጠጠር ወደ ቀኝ እጁ ያሻግራል። ግራ እጁ ባዶ ሲሆን ብድግ ብሎ «ተፈጸመ!» ይላል። ያቺ ቃል ሳትሰማ ካባው ውስጥ እግሩን የሚያስገባ የለም። በግራ እጁ አንዲት ጠጠር ከቀረች ግን ሳይፈነዳ የቀረ ድማሚት አለ ማለት ነውና እስከ ማግስቱ ሥራ የለም።

ይህን ሕግ መሐንዲስ አልጻፈውም። ሠራተኞቹ ራሳቸው በሠላሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሁለት ሰው ቀብረው ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመው ያወጡት ነው። ቃሏን የመረጠላቸው ወልደኢየሱስ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተባሮ ሲወጣ ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር እሷ ነበረች።

የተባረረውም በጆሮው ምክንያት ነው። በልጅነቱ ከመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ዘንድ ሦስት ዓመት ዜማ ተምሯል። አንድ ቀን የመሪጌታው የእህት ልጅ ሲያዜም ሳተና ወልደኢየሱስ «እዚህ ላይ ወደቀ» አለ። ልክ ነበር፤ ጉባኤው ሁሉ ሰምቷል። ነገር ግን ጉባኤው ሁሉ የመሪጌታው የእህት ልጅ አልነበረም። መሪጌታው መቋሚያቸውን አነሡና «የወደቅህስ አንተ! ጆሮህ ድንጋይ ነው። ሂድ፣ ድንጋይ ፍለጥ!» አሉት። ሄደ፤ ድንጋይ ፈለጠ። የእህትዬው ልጅ ዛሬ በጎንደር ከተማ በአንዱ ደብር ካባ ለብሶ ማኅሌት ይመራል። ወልደኢየሱስም ካባ አላጣም፤ የድንጋይ ይሁን እንጂ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ነገር እንደ ጥርስ ሕመም ሲያላምጠው ኖሯል። ቆጣሪ ሲሆንም የተቀበለው ለዚያ ነበር። ሁለት ድማሚት እኩል ቢጮህ ሌላው ሰው አንድ ብሎ ያልፋል፤ እሱ ሁለት መሆኑን ይለያል። ከገደሉ ተላትሞ የሚመለሰውን ድምፅ ከዋናው ይለያል። ዘጠኝ ዓመት ቆጥሮ አንድ ቀን አልሳተም። ዋኘው «ደብተራው» እያለ ይጠራው ነበር። ደብተራ አለመሆኑን አሳምሮ ያውቃል፤ የሚጠራውም ለዚሁ ነው።

በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ላይ፣ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ይመጣል ተባለና የአዘዞ መንገድ ጠጠር እንዲለብስ ታዘዘ። ትልቅ ሰው ማኪናው እንዳይንገጫገጭበት ትንንሽ ሰዎች ተሯሯጡ። ያን ዕለት ጧት አሥራ ሁለት ቀዳዳ ተለኮሰ። ወልደኢየሱስ አሥራ ሁለት ጠጠር ይዞ ከካቡ ጀርባ ቁጢጥ አለ።

ገደሉ ጮኸ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አምስተኛውና ስድስተኛው ተደራርበው መጡ፤ ለያቸው። አሥራ አንደኛው ጮኸ። ዝም። አቧራው እስኪሰክን ጠበቀ። በግራ እጁ አንዲት ጠጠር ቀርታለች።

«በል እንጂ ደብተራው፣ ቃልህን ስጠን!» አለ ዋኘው ካኪ ኮቱን እያራገፈ።

«አንድ ቀርቷል።»

«ሁለቱ አብረው ጮኹ።»

«የጮኹትን ለይቻለሁ። አንዱ አልጮኸም። የዛሬ ሥራ አበቃ።»

«አበቃ? መንገዱን ማን ያለብሰው፣ አንተ በዜማህ?»

ወልደኢየሱስ ሄዶ ጠጠሯን በዋኘው መዳፍ ላይ አስቀመጠለት። «ይህችን ዋጣት እንግዲያ። ወይም አንተው ግባ።»

ዋኘው ጠጠሯን አይቷት ወረወራት። ከዚያም አንገቱን በካቡ ላይ አሻግሮ፣ አፉን በሁለት እጁ ከቦ፣ «ተፈጸመ! ተፈጸመ!» ብሎ ጮኸ። ከወዲያ ማዶ የተደበቁት ሠራተኞች አብዛኞቹ ፊቱን አላዩም። ቃሏን ግን ሰሙ። መጀመሪያ የተነሣው ባዬ ነው፤ የሃያ አራት ዓመት ጎበዝ፣ ድጅኖውን በትከሻው ይዞ። ወልደኢየሱስ «ተመለስ! አላልሁም! ተመለሱ!» እያለ ሮጠ። ባዬ ዞር ብሎ ያየው መሰለው። ከዚያ ድጅኖው ድንጋይ ውስጥ ገባ፤ አሥራ ሁለተኛውም ጮኸ።

ባዬ አልሞተም። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች ሄደ፤ አንድ ዓይኑም ጠፋ።

በሳምንቱ አንድ አቶ ሐብተ ማርያም የሚባል ጸሐፊ ነገሩን ሊያጣራ ከከተማ መጣ። ቦርሳው ከሱ ይበልጥ ያብረቀርቃል። ከመፍጫው ማኪና አጠገብ ጠረጴዛ ተዘረጋለትና ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ተፈጸመ ሲባል ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ።»

«ሰምቻለሁ።»

አያ አድማሴ ከሁሉም የሸመገለ ነው፤ ያንን ሕግ ካወጡት አንዱ ነበር። እሱም መሬት መሬት እያየ «ሲባል ሰምቻለሁ» አለ።

«ማን እንዳለውስ ጠይቃቸው እንጂ!» አለ ወልደኢየሱስ ከዳር።

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየው። «ይህን ቃል የመጥራት ሥራ የማን ነው?»

«የኔ።»

«እንግዲያ ምኑን ልጠይቅ?»

ዋኘው ከወዲያ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። ሠራተኛው ጫማውን ያያል፤ ጫማ የሌለውም እግሩን ያያል። ጸሐፊው ወረቀቱን አዞረና ቀለም ያለበትን ጣሳ ገፋ አደረገለት። «አውራ ጣትህን እዚህ ላይ።»

«ማንበብ እችላለሁ» አለ ወልደኢየሱስ። ወረቀቱን አንሥቶ ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ እንደ ዳዊት አነበበው። «ቆጣሪው ወልደኢየሱስ ቁጥር ተሳስቶ ያለ ጊዜው ቃል በመስጠቱ ሠራተኛው ባዬ ጉዳት ደርሶበታል። ካቦው ዋኘው ቆጣሪውን አምኖ ከማሠራት በቀር ያጠፋው የለም።» አነበበና ሳቀ። «ሸጋ ጽሑፍ ነው። እውነት ብቻ ነው የጎደለው።»

አቶ ሐብተ ማርያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ አባቴ። ሰው ይሳሳታል። ፈርም፣ ዘበኛ ሆነህ ትቀጥላለህ። ካልፈረምህ ግን አሁኑኑ ከካባው ትወጣለህ።»

ወልደኢየሱስ ብዕሩን ከጸሐፊው እጅ ቀስ ብሎ ወሰደ። ከጽሑፉ ግርጌ፣ በዚያ ከልጅነት ጀምሮ ማንም ባላደነቀው እጅ ጽሑፉ፣ «አሥራ አንድ ሰማሁ። አሥራ ሁለተኛው አልጮኸም ነበር። ተፈጸመ አላልሁም። ወልደኢየሱስ» ብሎ ጻፈ።

«ወረቀቱን አበላሸኸው!» አለ ጸሐፊው።

«ተበላሽቶ ነው የመጣው።»

በዚያው ተባረረ። ከካባው ሲወጣ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየውም። አያ አድማሴ ብቻ ሲያልፍ «ምነው ወንድሜ፣ ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አለው በሹክሹክታ።

«ዝምታውንማ እናንተ ወስዳችሁት ምን ተረፈኝ» አለና አለፈ።

መባረሩ አልከበደውም፤ መባረር ያውቃል። የከበደው የባዬ ነገር ነበር። ጠዳ ገበያ ላይ ሰው ሲያየው ይጠቋቆማል። «ያ ነው፣ ሳይቆጥር ሰው ያስበላው» ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሮህ ድንጋይ ነው ያለው አንድ ሰው ነበር፤ አሁን ገበያ ሙሉ ሆነ።

ባዬ ከሐኪም ቤት መመለሱን ሲሰማ ወደ ቤቱ ሄደ። የባዬ ሚስት ታየች ደጅ ላይ ተቀበለችው። የእንግዳ አቀባበል አልነበረም፤ በሩን ይዛ ቆመች።

«አንተ ነህ ተፈጸመ ያልኸው?» አለችው።

«አይደለሁም።»

«ሁሉም አንተ ነህ ይላል።»

«ሁሉም ይላል። ባልሽን ጠይቂው።»

ባዬ ከውስጥ ሆኖ «አስገቢው» አለ። መደብ ላይ ጋደም ብሏል፤ ግማሽ ፊቱ በጨርቅ ተጠምጥሟል። ቀኝ እጁ ያለቀበት ቦታ ላይ ነጠላ ጣል ተደርጓል።

«የአንተ ድምፅ አልነበረም» አለ ባዬ። «የአንተ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣና ይረግባል። ያኛው እንደ ውሻ ጩኸት ነበር። አውቄዋለሁ፣ አያ ወልደኢየሱስ።»

ወልደኢየሱስ መጀመሪያ ደስ አለው። ወዲያው ደሙ ፈላ። «አወቅኸው? አውቀህ ገባህ? ምነው! ምን አግኝቶህ?»

ባዬ ባንድ ዓይኑ ጣሪያውን እያየ «ካቦው ያየኝ ነበራ» አለ። «ዓይን ለዓይን። ቀድሞ ያልገባ ነገ አይመጣም ብሏል ከዚያ በፊት። እኔ ገባሁ፤ ሌላው ሁሉ ደግሞ እኔን አይቶ ሊገባ ነበር።»

ታየች አፏን በነጠላዋ ያዘች። ይህን ገና መስማቷ ነበር።

«ለጸሐፊው ንገረው እንግዲያ!» አለ ወልደኢየሱስ።

«እኔን ማን ጠየቀኝ? ተኝቼ ሳለ ነው መጥቶ የሄደው።» ባዬ ፊቱን አዞረ። «ወረቀቱን ተወው። ቢያዝን የሚባለው ወንድሜ በኔ ቦታ ገብቷል። ሰኞ ዘጠኝ ቀዳዳ ይለኮሳል። የሚቆጥረው ዋኘው ራሱ ነው አሉ። ቢያዝን ደግሞ ከኔ ይብሳል፤ ሰው ዓይን ውስጥ ማየት የማይችል ልጅ ነው።»

ወልደኢየሱስ ከዚያ ቤት ሲወጣ ያሰበው ስለ ስሙ አልነበረም ብንል ውሸት ይሆናል። ስለ ስሙም አስቧል። ዋኘው ቆጣሪ ሆነ! ገደሉ ሲያስተጋባ የሚደነግጥ፣ ሁለቱን ከአንዱ የማይለይ ሰው ያቺን ቃል በአፉ ይዞ ሊኖር ነው። ይህ እንቅልፍ ነሣው። ሰኞ ጧት ተነሥቶ ከካባው አፋፍ በላይ፣ በቁልቋሉ ሩፋኤል ጉብታ ላይ ወጥቶ ሁሉንም ቁልቁል በሚያሳይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መሬቱ የቤተ ክርስቲያን ነው። የካባው ወሰን ከሥሩ ሃያ ክንድ ያህል ዝቅ ይላል።

ገደሉን የሚበሱት ሲሠሩ አዩት። አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሸመ። ዋኘውም አየው።

«ውረድ ከዚያ!»

«ካባህ ውስጥ የለሁም!»

«ምን ትሠራለህ?»

«ፀሐይ እሞቃለሁ! ፀሐይም ያንተ ናት?»

ከታች አንድ ሰው ሳቀ፤ ማን እንደሳቀ አልታወቀም። ዋኘው ዳገቱን እያለከለከ ወጣ። ወደ ወልደኢየሱስ ግን አልመጣም፤ በቀጥታ ወደ ደጀ ሰላሙ ሄደና የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ ይዞ ተመለሰ። አስተዳዳሪው መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ቀስ እያሉ መጡ። ወልደኢየሱስ መቋሚያውን ቀድሞ አወቀው። መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው። ለዚህ ደብር ከተሾሙ አምስት ዓመታቸው ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ጉብታ ዙሪያ ሲሄድ ፊቱን አዙሮባቸው ኖሯል።

«የኔታ፣ ይህ ሰው ከሥራ የተባረረ ነው። ሠራተኛ ሊያሳምፅብኝ ነው። ያስነሡልኝ» አለ ዋኘው።

«ምን አደረገ?»

«ተቀመጠ!»

«መቀመጥ ነው ያስከሰሰው?» መሪጌታው ጎንበስ ብለው አዩት። «አንተ ማነህ?»

«ወልደኢየሱስ ነኝ፣ የኔታ።»

«የትኛው?»

«ጆሮህ ድንጋይ ነው ብለው ያባረሩኝ።»

መሪጌታው ጥቂት አሰቡ። «እሱንማ ለስንቱ ብያለሁ» አሉ።

ወልደኢየሱስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀን በቀን የተሸከመውን ነገር፣ ያሸከሙት ሰውዬ የት እንዳስቀመጡት እንኳ አያውቁም! መሳቅ አማረው፤ ማልቀስም አማረው። ሁለቱንም አላደረገ።

«እና አሁን እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉት።

«እሰማለሁ። ድማሚቱ ስንት ጊዜ እንደጮኸ እቆጥራለሁ።»

መሪጌታው መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ያ ልጅ የተጎዳ ዕለት እኔም ከደጀ ሰላሙ ነበርሁ» አሉ። «አሥራ አንድ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ኋላ መጣ፤ ከሰው ጩኸት ጋር።»



«ይህን ምነው ሳይናገሩ ቀሩ የኔታ?» አለ ወልደኢየሱስ፤ ድምፁ ሳያስበው ከፍ አለ።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ መሪጌታው። ወደ ዋኘው ዞሩ። «መሬቱ የሩፋኤል ነው። የተቀመጠን ሰው አላስነሣም። አንተ ወደ ሥራህ ውረድ።» ወልደኢየሱስን ይቅርታ አልጠየቁትም። እንደመጡ ቀስ እያሉ ተመለሱ።

ዋኘው ወረደ። ዘጠኙ ክር ተለኮሰ። ወልደኢየሱስ ከድንጋዩ ሥር ዘጠኝ ጠጠር ለቅሞ በግራ እጁ ጨበጠ። ሰው ሁሉ ከካቡ ጀርባ ገባ። ቢያዝን ከሁሉም ዳር፣ የወንድሙን ድጅኖ አቅፎ ይታየዋል።

ገደሉ ጮኸ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛውና አራተኛው እግር በእግር መጡ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ስምንተኛው ዘግይቶ መጣ። ከዚያ ዝም አለ። የወልደኢየሱስ ግራ እጅ አንዲቷን ጠጠር ጨምድዶ ያዘ።

«ተፈጸመ!» አለ ዋኘው።

ቃሉ አፉን ሳይለቅ ዘጠነኛው ጮኸ። ድንጋይ እስከ ጉብታው ድረስ ተፈናጠረ። አቧራው ሲሰክን ዋኘው ተንበርክኮ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ታየ። ከካቡ ጀርባ አንድም ሰው አልተነሣም ነበር። ሲጀመርም አልተነሡም፤ ዓይናቸው ሁሉ ጉብታው ላይ ነበር።

ዋኘው ተነሥቶ ኮቱን አራገፈ። ፊቱ ነጭ ዱቄት መስሏል። «ምን ትጠብቃላችሁ? ዘጠኝ ሞልቷል! ተፈጸመ ብያለሁ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ቢያዝን! አንተ ቅደም!»

ቢያዝን መሬት መሬት እያየ እንደ ወንድሙ አንድ እግሩን አነሣ። ያኔ አያ አድማሴ እጁን ዘርግቶ ክንዱን ያዘው። ሽማግሌው ቀና ብሎ፣ ጮክ ብሎ፣ ጸሐፊው ፊት ያልወጣለትን ቃል ተናገረ። «ቆጣሪው አላለም!»

«ቆጣሪው እኔ ነኝ!»

«ያለፈውንም ያልኸው አንተ ነህ» አለ አያ አድማሴ። «አንተ ስትል ሰምቼሃለሁ፣ ዋኘው። ሁላችንም ሰምተናል።»

ከካቡ ጀርባ «አዎ» አለ አንዱ። «አዎ» አለ ሌላው። ድጅኖዎች አንድ በአንድ ከትከሻ ላይ ወርደው መሬት ተደገፉ። የመፍጫው ማኪና ባዶውን ይንኳኳል። መንገድ ላይ ሦስት የጭነት ማኪና ጠጠር ሊጭን ተሰልፏል፤ ሾፌሮቹ ክላክስ ይነፋሉ። ትልቁ ሰው ለጥምቀት ይመጣል።

የወልደኢየሱስ ግራ እጅ ባዶ ነው። ዘጠኙም ጠጠር በቀኙ አለ። ቃሏ ምላሱ ላይ ደርሳለች፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል።

ዋኘው ክላክሱን ሰማ፤ ሠራተኛውን አየ፤ ወደ ጉብታው ቀና አለ። «ስንት ነው?» አለ ባፉ ውስጥ።

ወልደኢየሱስ እጁን ከጆሮው ኋላ አደረገ። «ምን አልኸኝ?»

«ስንት ሰማህ ነው የምልህ!»

«አልሰማሁም! ጆሮዬ ድንጋይ ነው፤ ጮክ በል!»

«ስንት ሰማህ!» ብሎ ዋኘው ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ገደሉ ጥያቄውን ተቀብሎ ሦስት ጊዜ ደጋገመው። በመንገዱ የቆሙት ሾፌሮች ሰሙ፤ ወደ ጠዳ ገበያ የሚወርዱት ሰዎች ቆመው ሰሙ። ከደጀ ሰላሙ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ሳይሰሙ አልቀሩም።

ወልደኢየሱስ ብድግ አለ። አቧራውን ከልብሱ አራገፈ፤ አልቸኮለም። ዘጠኙን ጠጠር አንድ በአንድ ከአፋፉ ቁልቁል ጣላቸው። ከዚያ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ድምፁን ወደ ላይ አውጥቶ፣ ከተማሪ ቤት ጀምሮ እንደሚያውቀው አረገበው።

«ተፈጸመ!»

ሰዎቹ ገቡ። ቢያዝንም ከመካከላቸው ገባ።